ከጨጨሆ እስከ ቪየና፦ የጋይንት ድንጋይና የዶክትሬት ተማሪው ጉባኤ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚያመራውን መንገድ የያዘ መንገደኛ ብዙ ሳይርቅ ክምር ድንጋይ ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። ስሙን ያወጣው የአገሬው ሰው የሥነ ምድር ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ባይሆንም፣ ለአካባቢው ከዚህ የሚሻል መግለጫ ማግኘት ያዳግታል። በስተደቡብ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ተንሰራፍቶ ይታያል። ንፋስ መውጫ ታልፋ ወደ ጨጨሆ ሲቃረቡ ደግሞ ምድሩ በድንገት ይከፈትና ዐይን ከገደል ወደ ገደል ይወርዳል። አስተውሎ ለተመለከተው ገደሉ አንድ ወጥ ግድግዳ አይደለም። ቀጥ ያለ ጥቁር አለት፣ ከሥሩ ገበሬ የሚያርሰው ጠባብ እርከን፣ ከእርከኑ በታች እንደገና ቀጥ ያለ ጥቁር አለት እያለ እንደ ደረጃ ይወርዳል። ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ የዘለቀ ሰው ይኸንኑ ደረጃ እስከ በሽሎ ሸለቆ ድረስ ያየዋል፤ ከጉና ማዶ በእስቴ በኩል ያለው ገበሬም ጎጆውን የቀለሰው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው።

ደረጃዎቹ በአንድ ወቅት ቀልጠው የፈሰሱ፣ ኋላም ቀዝቅዘው የረጉ የላቫ ንብርብሮች ናቸው። በሥነ ምድር ሊቃውንት ዘንድ የሚታወቁት የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ አምባ ባዛልት በሚል ስም ሲሆን፣ ስለ እነርሱ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ጋይንት ውስጥ ሳይሆን ከዚህ በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በሚገኙ የጉባኤ አዳራሾች ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ድንጋዩን ብቻ ለመግለጽ አይደለም፤ የድንጋዩን ነገር ተሸክሞ በእንዲህ ያለ አዳራሽ የሚቆመውን የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ሥራ ለአንባብያን ለማስተዋወቅ ጭምር ነው። የፊዚክስ መምህር በሥነ ምድር ሰዎች ጓዳ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ፤ ድንጋዩ የሚናገረው በፊዚክስ ቋንቋ መሆኑን ወደ ኋላ እናየዋለን።

አዳራሹ

በዓለም ላይ ከሚካሄዱት የሥነ ምድር ጉባኤዎች መካከል ሦስቱን መጥቀስ ይበቃል። አንደኛው የአውሮፓ የጂኦሳይንስ ኅብረት በየዓመቱ በፀደይ ወራት በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና የሚያካሂደው ጠቅላላ ጉባኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከ16,000 በላይ ሰዎች ተገኝተውበታል። ሁለተኛው የአሜሪካ የጂኦፊዚክስ ኅብረት በየዓመቱ በታኅሣሥ የሚጠራው ስብሰባ ሲሆን ከ20,000 ሰዎች በላይ የተሰበሰቡበት ጊዜ አለ። ሦስተኛው በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆነውና እ.ኤ.አ. በ1878 በፓሪስ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የጂኦሎጂ ኮንግረስ ነው። ይህ ኮንግረስ በየአራት ዓመቱ እንዲካሄድ የታሰበ ሲሆን በአፍሪካ ምድር የተሰበሰበው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1929 በፕሪቶሪያ፣ በ1952 በአልጀርስ፣ በ2016 ደግሞ በኬፕ ታውን።

እንግዲህ ከእነዚህ አዳራሾች ወደ አንዱ ለመግባት የዶክትሬት ተማሪው አስቀድሞ የጥናቱን ጭብጥ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ አኅጽሮት ጽፎ ይልካል። ለቪየናው ጉባኤ ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ በጥር አጋማሽ ነው። አኅጽሮቱ ተቀባይነት ሲያገኝ ከሁለት በአንዱ መልክ እንዲያቀርብ ይነገረዋል። የመጀመሪያው በቃል የሚቀርብ አጭር ገለጻ ነው፤ ከጥያቄው ጋር ሩብ ሰዓት እንኳ የማይሞላ። ሁለተኛው ፖስተር ነው። ፖስተር ማለት ጥናቱ በሥዕል፣ በካርታና በግራፍ ተዘጋጅቶ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ የሚታተምበትና ከሰሌዳ ላይ የሚሰቀልበት ዘዴ ነው። ባለቤቱ በተመደበለት ሰዓት ከሰሌዳው አጠገብ ቆሞ የመጣውን ሁሉ ያስተናግዳል። ብዙ ተማሪዎች የቃሉ ገለጻ ካልደረሳቸው የተናቁ መስሎ ይሰማቸዋል። በእኔ አስተያየት ግን ለተማሪ ፖስተር ይሻላል። በቃል ገለጻ ተማሪው ይናገራል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይቀመጣል። በፖስተሩ ፊት ግን የሚመጣው ሰው ጣቱን ግራፉ ላይ አሳርፎ «ይህች ነጥብ ለምን ከመስመሩ ወጣች?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ እስኪያረካው ድረስም አይሄድም።

እኔ ራሴ በውጭ አገር የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ ጥናቴ በማዕድናት ማግኔታዊ ጠባይ ላይ የነበረ በመሆኑ ፊዚክስና ሥነ ምድር በሚገናኙበት ክፍል ፖስተሬን ሰቅዬ ለመቆም በቅቻለሁ። በአንገቴ ላይ ባለው ካርድ የኢትዮጵያን ስም ያነበቡ ሰዎች ፖስተሬን ትተው ስለ አፋር ስምጥና ስለ አምባው ባዛልት ሲጠይቁኝ መዋላቸውን አስታውሳለሁ። ያኔ ነገሩ አስቆኝ ነበር። የአገራችን ድንጋይ ከእኛ ይልቅ የታወቀ መሆኑን የተረዳሁት ግን በዚያ ቀን ነው።

ከመቅደላ የተላከው የመጀመሪያ ዜና

ድንጋዩ ወደ ሳይንስ ዓለም የገባበት ታሪክ ከአፄ ቴዎድሮስ ፍጻሜ ጋር የተያያዘ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1867 መገባደጃ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ አስጎትተው በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፍ በእነዚያ ገደሎች ለማሳለፍ መንገድ እየተቆረጠ፣ አለት እየተፈነቀለ፣ መቅደላ የተደረሰው በሚቀጥለው ዓመት በመጋቢት ነበር። የባዛልቱን ጥንካሬ በእጁ የለካ ሰው ማን ነው ቢባል እኔ የማስቀድመው እነዚያን መንገድ ጠራጊዎች ነው፤ ልኬታቸውን የጻፈላቸው ግን አልነበረም።

የጻፈው ከሌላው አቅጣጫ የመጣው ነው። የሮበርት ናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲዘልቅ የሕንድ ጂኦሎጂ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ባልደረባ የነበረውን ዊሊያም ብላንፎርድን አብሮ ይዞት ነበር። ብላንፎርድ በመንገዱ ያየውን የድንጋይ ቅደም ተከተል መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1870 በመጽሐፍ አወጣ። የታችኛውን የእሳተ ገሞራ አለት «የአሸንጌ ቡድን»፣ የላይኛውን ደግሞ «የመቅደላ ቡድን» ሲል ሰየመው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ንጉሣቸውን ያጡበት አምባ በሥነ ምድር መጻሕፍት ውስጥ የድንጋይ ስም ሆኖ የቀረው በዚህ ሁኔታ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሊቃውንት አከፋፈሉን ቢያሻሽሉትም፣ ቢነቅፉትም፣ ስሞቹ ዛሬም ድረስ ከጽሑፍ አልጠፉም።

ሆኖም ብላንፎርድ የድንጋዩን ቅደም ተከተል እንጂ ዕድሜውን በዓመት ሊያውቅ አይችልም ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ፊዚክስ ገና አልተወለደም፤ ሬዲዮአክቲቭ መሆን የሚባለው ጠባይ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው።

ከ1,000 አቶሞች ሁለት የማይሞሉት

እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ ወጣ። የመጀመሪያው ጸሐፊ ሆፍማን ሲሆኑ፣ ሥራው በፓሪስ ካቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ጋር የተያያዘ ነበር። ከጸሐፊዎቹ መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ገዛኸኝ ይርጉ ይገኙበታል። ናሙናዎቹ ከተሰበሰቡባቸው ስፍራዎች አንዱ ከጎንደር በስተሰሜን ያለው የሊማሊሞ ገደል ሲሆን፣ ሌላው ከጋይንትና ከስማዳ በስተምሥራቅ ከገደሉ ማዶ የምትገኘው ወገል ጤና ናት። የጽሑፉ መደምደሚያ ባለሙያዎችን ያስደነቀ ነበር። ይኸውም አብዛኛው የአምባው ባዛልት የፈሰሰው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ያውም 1 ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው የሚል ነው። ፖል ሞር የተባሉት ጂኦሎጂስት ቀደም ሲል እንደገመቱት የዚህ ባዛልት መጠን ወደ 350,000 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህን ያህል ቅልጥ አለት በዚያች አጭር ጊዜ ከምድር ሆድ ወጣ ማለት ነው። በሥነ ምድር ሰዓት 1 ሚሊዮን ዓመት አጭር መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

ይህ እንዴት ታወቀ? እዚህ ላይ ፊዚክስ ይገባል። በማናቸውም ባዛልት ውስጥ ጥቂት ፖታስየም አለ። ከዚህ ፖታስየም ውስጥ እጅግ አነስተኛ የሆነ ክፍሉ፣ ከ10,000 አቶም አንድ የሚያህለው፣ ፖታስየም 40 የተባለው ሬዲዮአክቲቭ ኢሶቶፕ ነው። ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይሆናል። ሲፈርስ አብዛኛው ካልሲየም 40 ሲሆን፣ ከአሥሩ አንዱ ያህል ግን አርጎን 40 ወደተባለ ጋዝ ይለወጣል። ላቫው ቀልጦ በሚፈስበት ጊዜ ቀደም ሲል የነበረው አርጎን ይተንናል፤ ሰዓቱ ዜሮ ላይ ይቆማል ማለት ነው። አለቱ ከረጋ በኋላ የሚወለደው አርጎን ግን በማዕድኑ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። የታሰረውን ቆጥሮ ዕድሜውን ማግኘት ይቻላል።

ለተማሪዎች አንድ ስሌት ልስጥ። ዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት የሞላው ባዛልት ሲረጋ 1,000 የፖታስየም 40 አቶሞች ነበሩት እንበል። በግማሽ ዕድሜው ቀመር ብናሰላው እስከ ዛሬ የፈረሱት 16 ወይም 17 ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ወደ አርጎን የተለወጡት ሁለት አይሞሉም። ጉናን ብንወስድ ነገሩ ይብሳል። ጉና ከአምባው ባዛልት በላይ ኋላ የበቀለ፣ እንደ ጋሻ የተዘረጋ እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ ኪፈርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት 10.7 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ተሰጥቶታል። ከጉና ድንጋይ 1,000 የፖታስየም 40 አቶሞች ውስጥ እስከ ዛሬ አርጎን የሆነው አንድ እንኳ አይሞላም። የጋይንትን ታሪክ የምናነበው ከእነዚህ ጥቂት የጋዝ አቶሞች ነው።

ዘመናዊው ዘዴ ናሙናውን በኑክሌር ማብላያ ውስጥ በኒውትሮን መደብደብን ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ የፖታስየሙ አንድ ክፍል አርጎን 39 ወደተባለ ሌላ ኢሶቶፕ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱን አርጎኖች በአንድ መሣሪያ በአንድ ጊዜ አነጻጽሮ መለካት ይቻላል። አገራችን የምርምር ማብላያ የላትም። ስለዚህ ዕድሜውን ማወቅ የፈለገ ተማሪ ድንጋዩን ወደ ውጭ መላክ ግድ ይሆንበታል። ድንጋዩ ባሕር የሚሻገረው ሰው ስለናቀው ሳይሆን በዚህ ምክንያት መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ሌላው ምስክር የምድር ማግኔታዊ መስክ ነው። በባዛልት ውስጥ ያሉት የማግኔታይት ቅንጣቶች ከ580 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲቀዘቅዙ በዚያን ጊዜ የነበረውን የመስክ አቅጣጫ ይይዛሉ። የምድር መስክ ደግሞ በየዘመኑ ይገለበጣል፤ የመጨረሻው ሙሉ ግልበጣ የሆነው ከዛሬ 780,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በሊማሊሞ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ውፍረት ውስጥ የተገኙት ግልበጣዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ላቫው ለረጅም ዘመን ሲፈስ ቢኖር ኖሮ ብዙ ግልበጣ በታየ ነበር። ሁለቱ ምስክሮች ተስማሙ ማለት ነው።

ናሙናውን ለማውጣት ተማሪው በውኃ የሚቀዘቅዝ ትንሽ መሰርሰሪያ ይዞ ገደል ለገደል ይወጣል፤ 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዘንግ መሰል ድንጋይ ይቆርጣል። ከመቁረጡ ጋር የናሙናው አቅጣጫ መመዝገብ አለበት። ባዛልት የኮምፓስን መርፌ ስለሚያሳስት አቅጣጫውን በፀሐይ ጥላ መለካት ይመረጣል። መብረቅ የመታው ጫፍም አይታመንም፤ መብረቁ የድንጋዩን ማግኔት አዛብቶታልና። እንደ ጉና ባለ ከፍታ ላይ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ቀዩ መስመር

አሁን ወደ ጉባኤው አዳራሽ ልመለስ። በዶክትሬት ዘመኔ መጨረሻ ግድም በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ የነበረ አንድ ወዳጄ በበሽሎ ዳርቻ ካሉት ገደሎች በአንዱ በእግሩ ወጥቶ ወርዶ ያየውን የላቫ ቅደም ተከተል የሚያሳይ ፖስተር አዘጋጅቶ ነበር። አኅጽሮቱ ተቀባይነት አገኘ። የቪዛ ማመልከቻውንም በወቅቱ አስገባ። የአንድ አገር ቆንስላ መልሱን የሰጠው ግን ጉባኤው ከተበተነ በኋላ ነበር። ፖስተሩን አስቀድሞ በኮምፒውተር ልኮልኝ ስለነበር አሳትሜ ሰቀልኩለት፤ በሰዓቱም ከሰሌዳው አጠገብ ቆምኩ።

ብዙ ሰው መጣ። አንድ ሽበታም ሊቅ ከሥዕሉ ላይ በሁለት ላቫዎች መካከል የተሰመረችውን ቀጭን ቀይ መስመር በጣታቸው ነክተው ሦስት ነገር ጠየቁኝ። ውፍረቷ ስንት ነው? ከገደሉ ማዶም ትቀጥላለች? የሥር ዱካ ይታይባታል ወይ? ጥያቄዎቹ የቀልድ አልነበሩም። ቀዩ ንብርብር የጥንት አፈር ነው። አንድ ላቫ ከረጋ በኋላ ቀጣዩ እስኪመጣ ድረስ ፊቱ በዝናብና በአየር ተበልቶ አፈር ይሆናል፣ ምናልባትም ሣርና ዛፍ ይበቅልበታል፤ ከዚያ አዲሱ ላቫ ይሸፍነዋል። አፈር እስኪፈጠር ጊዜ ይጠይቃልና ቀዩ መስመር የዕረፍት ዘመን ምልክት ነው። ባዛልቱ በሙሉ በ1 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ፈሰሰ ካልን፣ ከዚህ ውስጥ ስንቱ የመፍሰስ፣ ስንቱ የዕረፍት ነበር? ላቫው በጥቂት ታላላቅ ማዕበሎች ወጣ ወይስ በዝግታ? ወደ ሰማይ የተለቀቀው የሰልፈር ጋዝ መጠንና በአየር ንብረት ላይ ያደረሰው ተጽዕኖ የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው። ሽበታሙ ሰው የጠየቁኝ ይህን ነበር።

መልሱን ሊሰጥ የሚችለው አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ነበር። እኔ ገደሉን አልወጣሁትም። ሊቁ አድራሻቸውን በፖስተሩ ጥግ ጽፈው ሄዱ፤ ከወዳጄም ጋር በኋላ ተጻጻፉ። ነገር ግን መጻጻፍ ፊት ለፊት ቆሞ ከመነጋገር ጋር አይተካከልም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቀዩን መስመር በእጁ የዳሰሰ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ውይይቱ ግማሽ ሰዓት በሆነ፣ ሌሎችም በተሰበሰቡ ነበር።

ቀዩ መስመር በአካባቢው ሰው ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። ውኃ በተሰነጣጠቀው ባዛልት ውስጥ ሰርጎ ሲወርድ ሸክላማ ከሆነው የጥንት አፈር ላይ ሲደርስ መንገዱ ይዘጋበታል፤ ወደ ጎን ሄዶ በገደሉ ፊት ምንጭ ሆኖ ይወጣል። እንስራ ተሸክማ ወደ ምንጭ የምትወርድ የስማዳ ልጅ ስሙን ባታውቀውም ቦታውን ታውቀዋለች። በክረምት ደግሞ ይኸው ንብርብር ውኃ ጠጥቶ ሲለሰልስ በላዩ ያለውን ሊያንሸራትት ይችላል። ቁልቁለት፣ የተበላ አፈርና ከባድ ዝናብ ሲገናኙ የሚደርሰውን ጥፋት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ አይተነዋል፤ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበው ሕዝብ ጭምር በሁለተኛው ተቀብሮ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ቀዩ መስመር የት እንዳለና ወዴት እንደሚያዘነብል የሚያሳይ ካርታ ለቪየና ሰው የሳይንስ ጥያቄ ሲሆን፣ ለወገዳና ለአርብ ገበያ ሰው ግን የጉድጓድና የቤት መሥሪያ ቦታ ጥያቄ ነው።

ሁለቱን ያገናኙ አሉ። ሰይፉ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2004 በፈረንሳይ በአቪኞ ዩኒቨርሲቲ ያጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት በዐባይ ተፋሰስና በስምጥ ሸለቆ ያለውን የከርሰ ምድርና የሐይቅ ውኃ በኢሶቶፕ የመረመረ ነበር። በ2013 ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ የከርሰ ምድር ውኃ መጽሐፍ አወጡ። ዛሬ ጉድጓድ ለማስቆፈር የሚያስብ መሐንዲስ ይህን መጽሐፍ ቢገልጥ ይጠቀማል።

ስለ ደጃፉ

የአገራችን ተማሪ ከጉባኤው የሚቀርበት ምክንያት ቪዛ ብቻ አይደለም። የመመዝገቢያው፣ የአውሮፕላኑና የማረፊያው ወጪ ሲደመር ከአንድ ሌክቸረር የዓመት ደመወዝ ሊበልጥ ይችላል። መፍትሔ ፈጽሞ የለም ማለት ግን አይደለም። የአውሮፓው ኅብረት ለጀማሪ ተመራማሪዎች የጉዞ ድጋፍ ይሰጣል፤ የአሜሪካው ኅብረትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ አገሮች ለሚመጡ ወጣቶች በሎይድ በርክነር ስም የተሰየመ የጉዞ ድጎማ አለው። በርክነር እ.ኤ.አ. በ1950 የዓለም አቀፉን የጂኦፊዚክስ ዓመት ሐሳብ ያመነጩ ፊዚክስ ዐዋቂ ናቸው። ዓመቱ በ1957 ሲጀመር አዲስ አበባ ለማግኔታዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል አባ ፒየር ጉዊን በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋሙ። የምድራችን መንቀጥቀጥ በመሣሪያ መመዝገብ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ጉባኤው ወደ እኛ የመጣበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 የዓለም አቀፉ የጂኦሞርፎሎጂስቶች ማኅበር አካባቢያዊ ጉባኤ፣ በጥር 2013 ደግሞ 24ኛው የአፍሪካ ጂኦሎጂ ኮሎክዊየም በአዲስ አበባ ተካሂደዋል። ቤት ውስጥ የሚደረግ ጉባኤ ለተማሪ ያለው ጥቅም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንድ ፖስተር ወደ ቪየና ለመላክ በሚወጣው ገንዘብ አሥር ተማሪዎችን ከባሕር ዳር፣ ከጎንደርና ከደብረ ታቦር በአውቶቡስ ማምጣት ይቻላል። ከዚህም በላይ ከውጭ የመጣው ሊቅ በሚቀጥለው ቀን ገደሉ ድረስ ሊወሰድ ይችላል፤ ጥያቄውን ለድንጋዩ ራሱ እንዲያቀርብ።

በእነዚህ ጉባኤዎች እልባት ካላገኙት ጥያቄዎች አንዱ የዐባይ ገደል መቼ ተቆፈረ የሚለው ነው። ፒክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 በአፓታይት ማዕድን ውስጥ የታሰረውን ሂሊየም ለክተው ቁፋሮው ከ25 እስከ 29 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀመረ አሉ። ጋኒና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በ2007 ቁፋሮው በየምዕራፉ የተካሄደ መሆኑን፣ በተለይም ባለፉት 10 ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ እየተፋጠነ መሄዱን ጻፉ። በሽሎ የዚሁ ገደል ክንድ ነው። በዳርቻው ደግሞ 10.7 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ጉና ቆሟል። የጉና ላቫ ወደ አንድ ሸለቆ ወርዶ ረግቶ ቢገኝ ያ ሸለቆ ከእርሱ በፊት ነበር ማለት ነው፤ ላቫው በሸለቆው አፋፍ ላይ ተቆርጦ ቢገኝ ደግሞ ሸለቆው ከእርሱ በኋላ መጥቷል። አንዱን ከሌላው ለመለየት በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ማብላያ ሳይሆን ጥሩ ጫማ፣ መዶሻ፣ ካርታና የአገሩን መንገድ የሚያውቅ ሰው ነው።

ይህን ሥራ የሚያስብ ተማሪ የጊዜ ሰሌዳውን ከወዲሁ ቢያሰላ ይበጀዋል። በክረምት ወደ በሽሎ አይወረድም። መስከረም ሲጠባ መንገዱ ገና ጭቃ ነው፤ ገደል ለገደል መሄድ የሚቻለው ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ነው። በኅዳር የተሰበሰበ ናሙና ተፈጭቶ፣ ተለይቶ፣ ወደ ውጭ ተልኮ፣ በማብላያ ተደብድቦና ቀዝቅዞ ውጤቱ እስኪመለስ ወራት ያልፋሉ። የቪየናው አኅጽሮት ደግሞ ጥር ላይ ይዘጋል። እንግዲህ የዘንድሮው በጋ ድንጋይ ለከርሞው ጉባኤ እንኳ የሚደርሰው ቪዛው በሰዓቱ ከተጠየቀ ነው።